የደስታ ሳይንስ ምን ይላል? ምንስ አይልም?

ቲክቶክ ስትከፍቱ ሱፍ የለበሰ አንድ ሰውዬ ብቅ ይልና "አስተሳሰብህን ቀይር፣ ህይወትህ ይቀየራል" ይላችኋል፣ ወደታች ስትሉት ሌላው ይመጣል፣ እሱም ያንኑ ነው የሚለው። እኛ ጋር ደብረ ብርሃንም የማነቃቂያ ሥልጠና ፖስተር ከግድግዳ አይጠፋም፣ ልጆቹ ትኬት ቆርጠው ይገባሉ፣ ሞቅ ብሏቸው ይወጣሉ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ያው እንደበፊቱ ናቸው። እነዚህ አሠልጣኞች "በሳይንስ የተረጋገጠ ነው" ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ፖዘቲቭ ሳይኮሎጂ የሚባለውን ነገር ነው። ዘርፉ እውነት አለ፣ በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ይጠናል፣ ብዙ የሚገርም ነገርም አግኝቷል፣ ግን አዳራሽ ውስጥ ከሚወራው ጋር የሚመሳሰለው በስም ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። እስቲ ከመሠረቱ እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፖዘቲቭ ሳይኮሎጂ ምንድነው?

ሳይኮሎጂ ባለፈው መቶ ዓመት በአብዛኛው ሲያጠና የኖረው የሰውን ህመም ነው። ጭንቀት፣ ድብርት፣ ሱስ፣ ከጦርነት የተመለሰ ወታደር እንቅልፍ የሚያጣበት ነገር። በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የምርምር ገንዘቡም ባለሙያውም ወደዛ ነው የሄደው፣ ጥቅሙም ቀላል አልነበረም፣ በፊት መፍትሄ ያልነበራቸው ብዙ ህመሞች ዛሬ ይታከማሉ። ግን አንድ ጥያቄ ተረስቶ ቆየ፦ ያልታመመው ሰውስ? ሰው ስላልታመመ ብቻ ኑሮው ጥሩ ነው ይባላል?

በ1998 ማርቲን ሴሊግማን የሚባል የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማህበር ፕሬዚዳንት ሆነና ይሄን ጥያቄ የሥልጣን ዘመኑ አጀንዳ አደረገው። ፖዘቲቭ ሳይኮሎጂ የሚለውን ስም ከሱ በፊት አብርሃም ማስሎው የሚባል ሳይኮሎጂስት በ1954 ተጠቅሞበት ነበር፣ ግን የጥናት ዘርፍ ሆኖ ገንዘብና ተመራማሪ ያገኘው ከሴሊግማን በኋላ ነው። በአጭሩ ኑሮን መልካም የሚያደርጉት ነገሮች ምን እንደሆኑ እየለካ እየፈተነ የሚያጠና ዘርፍ ነው። "እየለካ እየፈተነ" የሚለውን ያዙልኝ፣ አዳራሹ ውስጥ የሚጠፋው እሱ ስለሆነ።

የሚገርመው ሴሊግማን ስሙ የገነነው በደስታ ሳይሆን በውሻ ነው። በ1960ዎቹ ከስቲቨን ማየር ጋር ሆነው ባደረጉት ሙከራ ውሾቹ ምንም ቢያደርጉ ሊያስቆሙት የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርስባቸዋል (ዛሬ ቢሆን የሚፈቀድ አይመስለኝም)፣ ከዛ ደግሞ ዝቅ ያለች አጥር ዘለው በቀላሉ የሚያመልጡበት ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ብዙዎቹ ለመዝለል አልሞከሩም፣ እዛው ተኝተው ተቀበሉት። ሰዎቹም ውሾቹ አቅመ ቢስ መሆንን ተማሩ ብለው ጻፉ፣ ነገሩ የድብርት ማብራሪያ ሆኖ በየመማሪያ መጽሐፉ ገባ። ከዛ በ2016፣ ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው፣ እነዚሁ ሁለት ሰዎች በመሀል የተሠራውን የአንጎል ጥናት አይተው የራሳቸውን ቲዎሪ ገለበጡት። ለካ እጅ መስጠት የሚማሩት ነገር አይደለም፣ መከራ ሲረዝም አንጎል በተፈጥሮው መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው፣ በትምህርት የሚመጣው "ባደርግ ለውጥ አለው" የሚለው ነው አሉ። ለኔ ከዘርፉ ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል። ሥራ ፈልጎ ፈልጎ አልጋው ላይ የቀረውን ልጅ "ሰነፍ" ከማለት፣ ሠርቶ ውጤቱን በዛው ቀን በዓይኑ የሚያየው ትንሽ ነገር እጁ ላይ ማድረግ ይሻላል ማለት ነዋ።

ደስታ ይለካል እንዴ?

ይለካል፣ በመጠየቅ። ኤድ ዲነር የሚባለው ሰውዬ በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን ሦስት ቦታ ከፈለው፦ ሰው ህይወቱን በጥቅሉ ሲያየው የሚሰጠው ግምት፣ በየቀኑ የሚሰማው ደስ የሚል ስሜት፣ እና በየቀኑ የሚሰማው መጥፎ ስሜት። ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ህዳር ላይ ውርጭ ባቄላውን የመታበት የመንዝ ገበሬ ዛሬ አንጀቱ አሯል፣ ግን "ህይወትህን ስታየው እንዴት ነው?" ብትሉት ልጆቼ ተምረውልኛል፣ መሬቴም አለች፣ ጎረቤቶቼም ሰዎች ናቸው ብሎ ጥሩ ነጥብ ሊሰጥ ይችላል። በየምሽቱ ሲስቅ የሚያመሽ አረቄ ቤት የማይጠፋ ሰው ደግሞ ስለ ህይወቱ ስትጠይቁት ፊቱ ሊጠቁር ይችላል።

በየዓመቱ መጋቢት 11 አካባቢ "ዓለም ላይ ደስተኛዋ አገር ፊንላንድ" እየተባለ ዜና የሚሠራበት ሪፖርትም የሚለካው የመጀመሪያውን ነው። ሰዎች የሚጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ከታች 0 ከላይ 10 የተጻፈበት መሰላል አስቡ፣ 10 ለናንተ ሊኖር የሚችለው ምርጥ ኑሮ፣ 0 የመጨረሻው መጥፎ ኑሮ ነው፣ አሁን የቱ ላይ ነኝ ትላላችሁ? በቃ። በየአገሩ በዓመት 1000 ሰው ገደማ ይጠየቃል፣ የሦስት ዓመት አማካይ ይወሰዳል። ፊንላንድ ከ2018 ጀምሮ በተከታታይ አንደኛ የወጣችው ሕዝቡ ሲስቅ ስለሚውል አይደለም፣ እንደውም ዝምተኛ ናቸው ይባላል። ደረጃው ከገቢ፣ ከጤና፣ ከሙስና ተደምሮ የሚወጣ የሚመስለው ሰውም ብዙ ነው። እነሱ የሚገቡት በኋላ ነው፣ ልዩነቱ ከምን መጣ የሚለውን ለማብራራት።

እዚህ ላይ የኛ ሰው ጥያቄ ይኖረዋል። "እንዴት ነህ?" ሲባል ቤቱ ተቃጥሎበትም "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" የሚል ሕዝብ መጠይቅ ላይ እውነቱን ይናገራል ወይ? ተመራማሪዎቹ ይሄን ችግር ያውቁታል፣ ከኛ የባሰ ወይ የተለየ መልስ የሚሰጡ ባህሎችም አሉ፣ ስለዚህ አጠቃላይ ጥያቄውን ብቻ ይዘው አይቀሩም፣ "ትናንት ብዙ ስቀሃል? ትናንት አብዛኛውን ሰዓት ስትጨነቅ ነበር?" ብለው ቀኑን ለይተው ይጠይቃሉ። ስለ ትናንት ሲጠየቅ ሰው በይሉኝታ የሚደብቀው ነገር ይቀንሳል።

ብር ደስታ አይገዛም የሚባለውስ?

እዚህ ጋ ረጋ ብለን እንሂድ፣ በጣም የሚወራውም በጣም የሚዛባውም ይሄ ነው።

በ1978 ፊሊፕ ብሪክማንና ሁለት ባልደረቦቹ ትልቅ ሎተሪ የደረሳቸው 22 ሰዎች፣ ምንም ያልደረሳቸው 22 ሰዎች፣ እንዲሁም በአደጋ አካላቸው ሽባ የሆነ 29 ሰዎች ጠየቁ። ሎተሪ የደረሳቸው ካልደረሳቸው ይሄ ነው የሚባል ብልጫ አልነበራቸውም፣ እንደውም ከጓደኛ ጋር ማውራት ወይ ቁርስ መብላት ከመሳሰሉት የየቀን ነገሮች የሚያገኙት ደስታ ቀንሶ ነበር። ከዚህ ጥናት ተነስቶ "ሰው ምንም ቢሆን ወደነበረበት ይመለሳል" የሚል አባባል ዓለምን አዳረሰ። ነገሩ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን እንደገባ ሰው ነው። ከ1500 ሜትር በላይ ሽቅብ ስለመጣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋቢ ደርቦም ይንቀጠቀጣል፣ ወር ሁለት ወር ሲቆይ ግን ጠዋት ተነስቶ በሹራብ ይወጣል። ብርዱ ያው ነው፣ ሰውዬው ነው የለመደው። ለደመወዝ ጭማሪም፣ ለአዲስ ስልክም፣ ለአዲስ ቤትም እንደዛ ነው የምንሆነው።

መልመድ መኖሩ እውነት ነው። "ሁሉም ነገር ይለመዳል" የሚለው ግን ትክክል አይደለም። አንደኛ የብሪክማን ጥናት በጣም ትንሽ ሰው ላይ ነው የተሠራው፣ ራሱ ጥናቱም ውስጥ አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ያነሰ ደስታ ነበራቸው፣ ይሄ ሲወራ ሁልጊዜ ይዘለላል። ሁለተኛ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ትልልቅ ጥናቶች ሥራ ማጣት፣ የትዳር ጓደኛ ሞት፣ ከባድ አካል ጉዳት ጠባሳቸው እንደሚቆይ አሳይተዋል። ሦስተኛ በ2020 የታተመ የስዊድን ጥናት ትልቅ ሎተሪ የደረሳቸውን ሰዎች ከአስር ዓመት በላይ ቆይቶም ሲያያቸው በህይወታቸው ያላቸው እርካታ ጨምሮ አገኘው፣ የየቀን ስሜታቸው ላይ ግን ለውጡ ያን ያህል አልነበረም።

ለኛ ይበልጥ የሚጠጋው ደግሞ ከጎረቤት የመጣው ነው። ምዕራብ ኬንያ ራሪዬዳ በሚባል አካባቢ አንድ የእርዳታ ድርጅት ለድሃ ቤተሰቦች ያለምንም ቅድመ ሁኔታ ጥሬ ገንዘብ ሰጠ፣ የሚሰጣቸው በዕጣ ስለተመረጡ ያገኘውንና ያላገኘውን ማወዳደር ተቻለ። ዮሐነስ ሃውስሆፈርና ጄረሚ ሻፒሮ በ2016 ባሳተሙት ውጤት ገንዘቡን ያገኙት የበለጠ በልተዋል፣ ከብትና ቆርቆሮ ገዝተዋል፣ ደስታቸውና እርካታቸው ጨምሯል፣ ጭንቀታቸው ቀንሷል። ስለዚህ የዘይት ዋጋ እንቅልፍ ለነሳው ሰው ብር ደስታ አይገዛም ብሎ መስበክ ሳይንሱ የሚለው ነገር አይደለም። አንድ የሚያሳዝን ነገር ግን አብሮ ተገኘ፣ ሳይደርሳቸው የቀሩት ጎረቤቶች ሌላው ሲያገኝ በማየታቸው በህይወታቸው ያላቸው እርካታ ለጊዜው ቀነሰ። የሰው ልጅ ኑሮውን የሚለካው በአጥር ማዶ ነው፣ ዛሬ ደግሞ አጥሩ ፌስቡክ ሆኗል።

ሀብታም አገር ላይ ክርክሩ ሌላ መልክ አለው። ዳንኤል ካህነማንና አንገስ ዲተን በ2010 የየቀን ስሜት በዓመት 75 ሺህ ዶላር ገደማ ላይ ሲደርስ መጨመሩን ያቆማል አሉ፣ ማቲው ኪሊንግስዎርዝ በ2021 የለም አያቆምም አለ፣ ከዛ ካህነማንና ኪሊንግስዎርዝ ከመካሰስ ይልቅ በ2023 አንድ ላይ ተቀምጠው ዳታውን አዩት። ለአብዛኛው ሰው ገቢ ሲጨምር ደስታ ይጨምራል፣ የሚቆመው በጣም ደስታ ለራቃቸው ጥቂቶች ነው፣ የነሱ ችግር ብር የማይፈታው ስለሆነ። ሁለት የተቃረኑ ሰዎች እንዲህ ተቀምጠው ሲሠሩ ማየት በራሱ ደስ ይላል፣ ለኛ ፖለቲከኞችም ቢላክላቸው።

ታዲያ ደስተኛ የሆኑት ምን አግኝተው ነው?

ሰው አግኝተው።

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1938 የጀመረው ጥናት አለ፣ ዛሬም አላለቀም። 268 የሃርቫርድ ተማሪዎች (ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን ኤፍ ኬኔዲ አንዱ ነበር) እና ከቦስተን ድሃ ሰፈሮች የመጡ 456 ልጆች ተመርጠው፣ እስኪያረጁ እስኪሞቱ ድረስ በየጊዜው ስለ ሥራቸው፣ ስለ ትዳራቸው፣ ስለ ጤናቸው ሲጠየቁ ኖሩ። የአሁኑ ኃላፊ ሮበርት ዋልዲንገር እንደሚናገረው በ50 ዓመታቸው ከሰዎች ጋር ያላቸው ግንኙነት ያረካቸው የነበሩት በ80 ዓመታቸው የተሻለ ጤና ነበራቸው፣ ይሄ ነገር ከኮሌስትሮላቸው በላይ እርጅናቸውን ጠቁሟል። ጥናቱ እንከን የለውም ማለት አይደለም፣ ሲጀመር በሙሉ ወንዶች፣ በሙሉ ነጮች ናቸው፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው የተጨመሩት ዘግይቶ ነው፣ ደግሞም ጤነኛ ሰው ጓደኛ ማፍራት ይቀለዋልና የቱ የቱን እንዳመጣ ሙሉ በሙሉ መለየት ያስቸግራል። ሌሎች ብዙ ጥናቶች ግን ወደዚሁ ነው የሚያመለክቱት።

"እኛማ በዚህ ማን ይበልጠናል፣ እድር አለን፣ ሰንበቴ አለን፣ ጽዋ አለን፣ ቡናው ከነጎረቤት ነው" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ በግማሽ። የደቦና የወንፈል አገር ሰው ፈረንጅ በመጽሐፍ የሚማረውን በእጁ የያዘ ነው። ጥናቱ ውስጥ ግን ከተጠየቁት ጥያቄዎች አንዱ "ሌሊት ብታመም ወይ ብፈራ ደውዬ የምቀሰቅሰው ማንን ነው?" የሚል ነበር፣ አንዳንዱ ሰው አንድም ስም መጥራት አቅቶታል፣ ከነሱ ውስጥ ባለትዳሮችም ነበሩበት። የእድር መዝገብ ላይ ስማችሁ ስላለ ያ ጥያቄ ተመለሰ ማለት አይደለም። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይዞ ይደርሳል፣ ሰውዬው በቁሙ ሲጨነቅ የሰማው ማነው የሚለው ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባ ሄዶ የሚሠራው ልጅ ለእናቱ ብር ይልካል፣ ስልኩ ግን "ደህና ነሽ? ደህና ነኝ፣ በይ ቻው" ነው፣ እሷ ደግሞ አንኮበር ተራራው ላይ ሆና ኔትወርክ ፍለጋ ደጅ ወጥታ ስትጠብቅ የነበረው ለዛች ግማሽ ደቂቃ ነው።

ስለ መስጠትም አንድ ነገር ልበል። በ2008 ኤልዛቤት ደን፣ ላራ አክኒንና ማይክል ኖርተን ለ46 ሰዎች ጠዋት ላይ 5 ወይ 20 ዶላር ሰጥተው እስከ ማታ እንዲያጠፉት አደረጉ፣ ግማሹ ለራሱ፣ ግማሹ ለሌላ ሰው። ማታ ላይ ለሌላ ያወጡት የተሻለ ስሜት ነበራቸው፣ 5ም ይሁን 20 ልዩነት አላመጣም። በኋላ በብዙ ሰው ሲደገም ውጤቱ አንሷል፣ ግን በአመዛኙ ቆሟል። ሰው ተገድዶ ሲሰጥ ግን እንዲህ አይሆንም፣ የመዋጮ ደብዳቤ በየወሩ የሚደርሰው የመንግሥት ሠራተኛ ይሄን ያለ ጥናት ያውቀዋል።

ሥራ ውስጥ ጠፍቶ መቅረትስ?

ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የሚባል በሀንጋሪ ቤተሰብ የተወለደ ሰውዬ በ1970ዎቹ ለሰዎች የሚጮህ መሣሪያ አስይዞ በቀን ውስጥ ባልታሰበ ሰዓት ሲጮህ "አሁን ምን እየሠራህ ነው? ምን ተሰማህ?" የሚለውን እንዲሞሉ አደረገ። ሰዎች ጥሩ ሰዓታቸውን ያገኙት ተጋድመው ሲያርፉ ብቻ አልነበረም፣ ትንሽ የሚከብድ ግን የሚችሉትን ሥራ እየሠሩ ራሳቸውን ሲረሱም ነበር። ይሄን ፍሎው ብሎ ጠራው፣ እኛ ሥራ ውስጥ መስመጥ ልንለው እንችላለን።

መንዝ ሄዳችሁ ባና የሚሠራ ሸማኔ ካያችሁ በደንብ ይገባችኋል። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ነው፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ይሰደዋል፣ ማጉን ይመታል፣ ድሩ ከተበጠሰ ያኔውኑ ያየዋል፣ አቁሞ ይቀጥለዋል። ምን እንደሚሠራ ግልጽ ነው፣ ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል፣ ሥራው ለችሎታው አይቀልም አይከብድም፣ እነዚህ ሦስቱ ናቸው ፍሎው የሚመጣባቸው ሁኔታዎች። ብትጣሩ አይሰማችሁም፣ ትዕቢት እንዳይመስላችሁ።

ማታ ማታ ሦስት ጥሩ ነገር መጻፍ ይሠራል?

ትንሽ ይሠራል። በ2003 ሮበርት ኢመንስና ማይክል ማካሎ በየሳምንቱ የሚያመሰግኑበትን ነገር የጻፉ ተማሪዎች ያበሳጫቸውን ከጻፉት የተሻለ ስሜት እንደነበራቸው አገኙ። ሴሊግማንና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2005 ሰዎችን ለአንድ ሳምንት በየማታው ሦስት ጥሩ ነገር ከነምክንያቱ አስጻፏቸው፣ ጥቅሙ እስከ ስድስት ወር ታየ አሉ። በኋላ ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ተደምረው ሲታዩ ውጤቱ መጀመሪያ እንደተወራው ትልቅ ሆኖ አልተገኘም።

ተመስገን ማለት ለኛ አዲስ አይደለም፣ ከአፋችን አይጠፋም። ልዩነቱ እዚህ ልምምድ ውስጥ ነገሩ ተለይቶ መጠራቱ ነው። መሀል ሜዳ ያለች አስተማሪ "ዛሬ ውሃው ሲመጣ እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ ጎረቤቴ የኔንም ጀሪካን አሰልፋ ሞላችልኝ። ለምን? ባለፈው ልጇ ሲታመም ሌሊት ሐኪም ቤት አብሬያት ስለሄድኩ" ብላ ብትጽፍ ልምምዱ ማለት ያ ነው። "ለምን" የሚለው ጥያቄ ነው ነገሩን ከልማድ የሚያወጣው። በየቀኑ የግድ ማድረግም አያስፈልግም፣ ሲበዛ እሱም ይለመዳል።

"ፖዘቲቭ አስብ" የሚለውስ ሳይንስ ነው?

አብዛኛው አይደለም። ገብርኤለ ኦቲንገን የምትባል ጀርመናዊት ተመራማሪ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉ ልጆችን ለሁለት ዓመት ተከታተለች። ሥራ አግኝተው፣ ሸልለው፣ ደመወዝ ሲቀበሉ አብዝተው በሀሳባቸው ያዩ የነበሩት ከሌሎቹ ያነሰ የሥራ ጥያቄና ያነሰ ደመወዝ ነው ያገኙት፣ ያመለከቱበትም ቦታ ያነሰ ነበር። ሀሳቡ ውስጥ ቀድሞ ስለደረሰ ጉልበቱ ይቀንሳል። እሷ የምትመክረው የምትፈልጉትን ካሰባችሁ በኋላ እዛ እንዳትደርሱ የሚያደርገውን እንቅፋት አጥርታችሁ እንድታስቡ ነው፣ ያ ግን ለፖስተር አይመችም መሰለኝ።

የአንዷ ቁጥር ታሪክ ደግሞ ይኸውላችሁ። በ2005 ባርባራ ፍሬድሪክሰንና ማርሻል ሎሳዳ ለአንድ መጥፎ ስሜት 2.9013 ጥሩ ስሜት ያለው ሰው ያብባል፣ ከዛ በታች ይጠወልጋል የሚል ጽሑፍ አወጡ። ከነጥብ በኋላ አራት ዲጂት! በሂሳብ ነው የተገኘው ተባለ፣ በየሥልጠናው "ሦስት ለአንድ" እየተባለ ተሸጠ። ከዓመታት በኋላ በእንግሊዝ አገር በዕድሜው ገፋ ብሎ በትርፍ ሰዓት ማስተርሱን የሚማር ኒክ ብራውን የሚባል ሰውዬ ክፍል ውስጥ ይሄን ሰማና አልዋጥልህ አለው፣ አለን ሶካል የሚባለውን የፊዚክስ ፕሮፌሰርና ሃሪስ ፍሪድማንን ይዞ ሂሳቡን ሲፈትሽ ቀመሩ የፈሳሽና የአየር እንቅስቃሴ ለማጥናት የተሠራ ሆኖ ተገኘ፣ ከሰው ስሜት ጋር የሚያገናኘው ምንም ምክንያት አልቀረበም። በ2013 ይሄን አሳተሙ፣ መጽሔቱም የሂሳቡን ክፍል ሰረዘው። ፕሮፌሰሮቹ ሁሉ አልፈውት የትርፍ ሰዓት ተማሪ ነው ያየው። ዛሬም ግን ስላይድ ላይ አለ።

"ከደስታህ 50 በመቶ ዘር፣ 10 በመቶ ኑሮህ፣ 40 በመቶ በእጅህ ነው" የሚለውም እንደዚሁ ነው። ቁጥሩ የመጣው ሶንያ ሊዩቦሚርስኪና ባልደረቦቿ በ2005 ካወጡት ግምት ነው፣ የሚናገረው በሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው እንጂ ያንተን የአንዱን ሰውዬ ደስታ እንደ ዳቦ ቆርሶ አይደለም፣ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በኋላ አለዝበውታል። አደጋው ያቺ 10 በመቶ ላይ ነው። ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ከነልጆቿ የምትኖር እናት ኑሮሽ 10 በመቶ ብቻ ነው፣ ሌላው አስተሳሰብሽ ነው ብትባል ስድብ ነው። ቁጥሮቹ የተወሰዱት እንደሷ ያለ መከራ ካልደረሰባቸው ሰዎች ነው፣ ሰላም፣ ጤና፣ የሚታመን ጎረቤትና መንግሥት መሰላሉ ላይ ሰውን የት እንደሚያስቀምጡ ደግሞ ቅድም ያየነው ሪፖርት በየዓመቱ ያሳያል።

በነገራችን ላይ ደስታን የሚፈራ ሰው መኖሩም ተጠንቷል። ብዙ ሲሳቅ "ኧረ ዛሬስ ምን ሊመጣ ነው?" የምትል አክስት ሁላችንም ቤት አለች፣ ጥሩ ነገር ሲገጥመው ዓይን ይገባብኛል ብሎ የሚደብቅም አለ። ሞህሰን ጆሻንሉ የሚባል ተመራማሪ ይሄን በተለያዩ አገሮች በመጠይቅ ለክቶታል፣ ብቻችንን አይደለንም።

ይሄ ለድብርት ይሆናል?

በራሱ አይበቃም። ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ አብዛኛውን ቀን ሀዘን ከተጫነው፣ ድሮ የሚወደው ነገር ካስጠላው፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባበት፣ ራሱን እንደማይረባ ከቆጠረ፣ ሞትን ካሰበ ያ ሰው የሚያስፈልገው ባለሙያ ነው። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል መሄድም መድኃኒት ከመውሰድ ጋር አይጣላም፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማድረግ ይቻላል፣ አንዱን ለሌላው ብሎ ማቋረጥ ነው ጉዳቱ።

ባለሙያ በየቦታው የለም፣ እውነት ነው። ዚምባብዌም አልነበረም። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም በ2006 ሐራሬ ላይ 14 አሮጊቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ እንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። የተጨነቀ ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፣ ያዳምጡታል፣ ከችግሮቹ አንዱን አስመርጠው ለሱ መፍትሄ አብረውት ያወጣሉ፣ በሚቀጥለው ሲመጣ ምን እንዳደረገ ይጠይቁታል። በ2016 በታተመው ሙከራ 573 ሰዎች ተሳትፈው ከስድስት ወር በኋላ ሲታዩ የድብርት ምልክት አሁንም ያለባቸው አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት ከመቶ 14 ገደማ፣ የተለመደውን እርዳታ ካገኙት ደግሞ ከመቶ 50 ገደማ ነበሩ።

እኛ ጋር መጀመሪያ የሚኬደው በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ነው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም መንገዱን ታሳያለች፣ ከከበደ ወደ ሆስፒታል ይጻፋል። ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ ሰው ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ብቻውን ሳይተዉ በዛው ሰዓት ይዞ መሄድ ነው። የድብርት መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡ በደንብ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል፣ ስለዚህ በአምስተኛው ቀን "አልሠራልኝም" ብሎ አይጣልም፣ ተሻለኝ ብሎ ማቆምም የሚቻለው ያዘዘውን ሐኪም ጠይቆ ነው።